ካሜራው የዘለለው ግቢ

ከሀዋሳ የወጣሁት ዓርብ ጠዋት፣ ከትምህርት ቤቴ ፈቃድ ወስጄ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ከአንድ ቅያሪ ልብስ በቀር ያሉት ድሮኔና ዕቃዎቿ ናቸው። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ድሮን ማብረር የዕረፍት ቀን መዝናኛዬ ነው። የዚህኛው ጉዞ ግን ለመዝናናት አልነበረም። የባለቤቴ የአስቴር አባት፣ አቶ ዳና፣ የጭን አጥንታቸው ተሰብሮ ሶዶ ውስጥ ኦቶና ሆስፒታል ከተኙ ሰንብተዋል። ግቢያቸው ተበላ ከተማ አጠገብ ነው። ናፍቆቱ ሲጠናባቸው ደወሉልኝ።

«ያቺን የምትበር ነገር ይዘህ ና። ቤቴን አሳየኝ» አሉ።

አባቷን የምታስታምመው አስቴር ቆየት ብላ ለብቻዋ ደወለች። «እሺ በለው። ግን የአጎቴን ግቢ እንዳታሳየው።»

አጎቷ አቶ ቶማስ የአቶ ዳና ብቸኛ ወንድም ነበሩ። አቶ ዳና ሆስፒታል ከገቡ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በድንገት አረፉ፤ እኔም ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። የተቀበሩት እዚያው ግቢያቸው ጥግ ነው። የሁለቱን ወንድማማቾች ግቢ የሚለየው ደግሞ አንድ ረድፍ እንሰት ብቻ ነው። የአቶ ዳና ልብ ደካማ ስለሆነ ቤተሰቡ መርዶውን ከሆስፒታል እስኪወጡ ለማቆየት ተስማምቶ ነበር።

ሶዶ

ሻሸመኔ ላይ ሚኒባስ ቀየርኩ። ሀላባ አካባቢ በርበሬው በየመንገዱ ዳር ሸራ ላይ ተሰጥቶ ቀልቷል። ቦዲቲን አልፈን ሶዶ ስንደርስ ዳሞታ ተራራ ራሱን በደመና ሸፍኖ ነበር። ከመናኸሪያው በባጃጅ ኦቶና ወጣሁ።

አቶ ዳና እግራቸው በክብደት ተወጥሮ በጀርባቸው ተኝተዋል። ከስተዋል። እጄን ይዘው ብዙ ቆዩ።

«ታ ናዓው፣ ልጄ፣ መጣህልኝ» አሉ። ቀጥለውም፦ «ቶማስን ስታገኘው ያን ስልኩን አሠራ በለው። ተበላሸ ካሉኝ ስንት ጊዜው!»

«እሺ አባባ» አልኩ። አስቴር ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ተበላ

በማግስቱ ወደ አርባ ምንጭ የሚሄድ ሚኒባስ ይዤ ተበላ ወረድኩ። ቆላው ይሞቃል፤ በቆሎው ደርቆ ይንኮሻኮሻል። ከከተማዋ እስከ መንደሩ ሞተር ሳይክል ተከራየሁ። መንገዱ አቧራ ብቻ ነው፤ ከሞተሩ ስወርድ ቅንድቤ ሳይቀር ነጥቶ ነበር። ለማብረር የሚያስፈልገውን ፈቃድ ቀድሜ ጨርሼ፣ ቀበሌውንም አሳውቄ ስለነበር የከለከለኝ የለም።

የአቶ ቶማስ ባለቤት እማማ አማረች ጥቁር ለብሰው በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። «ሳሮ» ብዬ ሰላምታ ሰጠሁና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የተቀቀለ ጎደሬ፣ ቦይና፣ ከሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ ከዳታ ጋር አቀረቡልኝ፤ ዳታው እንባዬን አመጣው። ወይም በዳታው አሳበብኩ።

«ዳና አላወቀም?» አሉኝ።

«አላወቁም።»

«እኔ እዚህ አለቅሳለሁ፤ እሱ እዚያ ይስቃል። ይኼ ምን ዓይነት ነገር ነው?» አሉ። 

ድሮኗን አውጥቼ ባትሪውን ከፈትኩ። ካሜራዋን የሚይዛት ጊምባል የሚሉት ክፍል ነው፤ ድሮኗ ብትወዛወዝ እንኳ ትንንሽ ሞተሮቹ ካሜራዋን ቀጥ አድርገው ይይዟታል። ሁልጊዜ ስከፍታት ካሜራዋ ግራና ቀኝ ዞር ዞር ብላ ወደ ፊት ታያለች። ዛሬ ግን ተንቀጠቀጠችና አንገቷን ደፍታ ቀረች። ስልኬ ላይ የጊምባሉ ሞተር ከዓቅም በላይ ተጨንቋል የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ።

ከነብልሽቷም ቢሆን ልሞክር ብዬ አስነሣኋት። ምስሉ እንደ ውሃ ይናወጣል፤ መሬቱ ወደ አንድ ጎን ተዳፍቷል። ካሜራዋ ወደ ታች ብቻ ስለምታይ የአቶ ዳናን ጣሪያ ላነሣ ስል እንሰቱም፣ ከእንሰቱ ወዲያ ያለው አዲስ አፈርም አብረው ይገባሉ። አወረድኳትና ቪዲዮውን አጠፋሁት። እንደ ልቤ ካላዞርኳት የምደብቀውን መደበቅ አልችልም።

አጥፍቼ መመርመር ጀመርኩ። የካሜራዋን መሸፈኛ ረስቼው ይሆን ብዬ አየሁ፤ ተነሥቷል። ካሜራዋን በጣቴ ቀስ ብዬ ሳዞራት ወደ ጎን እሺ ትላለች፤ ወደ ላይ ስትል ግን ትንገጫገጫለች። በለስላሳ ብሩሽ ጠራረግኳት፤ ከመገጣጠሚያው ውስጥ አሸዋ ወጣ። አሁንም ትንቀጠቀጣለች። በስልኬ መብራት ሳያት፣ ጊምባሉን ከድሮኗ ሆድ ጋር ከሚያያዙት ትንንሽ ጎማዎች አንዱ ከቀዳዳው ወጥቶ ተንጋዷል። ሞተር ሳይክሉ ላይ ሳለሁ ሳይወጣ አልቀረም። በወረንጦ ይዤ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ወደ ቦታው ጎተትኩት። ካሜራዋን ከድሮኗ ጋር የምታገናኘውን ጠፍጣፋ ስስ ሽቦም አየኋት፤ አልተቀደደችም።

የቀረው ሚዛኗን እንደገና ማስተካከል ነበር፤ ለዚያ ፍጹም ደልዳላ ቦታ ያስፈልጋል። ጠረጴዛው ላይ ሞከርኩ፤ እግሩ ይወዛወዛልና ግማሽ ላይ ተቋረጠ። የጓሮው መሬት ተዳፋት ነው። በመጨረሻ የመንደሩ ጸሎት ቤት የሲሚንቶ ወለል አለው አሉኝ። ዘበኛው ከፈተልኝ። የቀብሩ ዕለት ሬሳ ሣጥኑ ያረፈበት ወለል መሆኑን ያስታወስኩት ድሮኗን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው። ካሜራዋ በባዶው አዳራሽ ውስጥ ቀስ ብላ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን አየች፤ ከዚያ ቀጥ ብላ ቆመች።

ለአቶ ዳና ደወልኩና ካሜራዋ ተበላሽታ እንዳዘገየችኝ ነገርኳቸው። «ተሠራች፣ አባባ! አሁን እንደ ዓይን ነው የምትዞረው» አልኳቸው። ሳቁ።

ከዚያ አበረርኳት። ጣሪያውን፣ ማንጎውን፣ የታሰረችውን ላም፣ ከሩቅ የአባያን ሐይቅ ነጸብራቅ አነሣሁ። እንሰቱ ጋ ስደርስ ካሜራዋን ቀስ አድርጌ ወደ ቀኝ መለስኳት። እንደዚያ ያማረ ቪዲዮ አንሥቼ አላውቅም።

ኦቶና

ከሰዓት በኋላ ስልኬን ፊታቸው ያዝኩላቸው። ላሟን በስሟ ጠሯት። ማንጎው አላፈራም ብለው ተቆጡ። እንሰቱ ጋ ሲደርስ ስልኩን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። «መልሰው» አሉኝ። መለስኩት። ደግመው አዩት።

«ወደ ግራ ለምን አልዞረችም?»

«እምቢ አለችኝ፣ አባባ።»

«እንደ ዓይን ነው የምትዞረው ብለኸኝ አልነበረም?»

አስቴር ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አቶ ዳና ጣሪያውን እያዩ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ ተናገሩ።

«በየሳምንቱ ይመጣ የነበረ ሰው ቀረ። ስልኩ ተበላሸ አላችሁኝ፤ እግሩም ተበላሸ? አውቄ ነበር። የዚችን ልጅ ፊት አይና ብጠይቃት ትሰበራለች ብዬ እተወዋለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሞቷል አይደል?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ታ እሻው!» አሉ። «ወንድሜ! ወንድሜ!»

እግራቸው ታስሮ መነሣት አይችሉም፤ ደረታቸውን ብቻ ይመታሉ። አስቴር ላያቸው ላይ ወደቀች። ነርሷ ሮጣ መጥታ ልባቸውን አዳመጠች፤ እጃቸውን ይዛ አጠገባቸው ቆመች። ከጎናቸው የተኛው አንገቱ ላይ ማዕተብ ያሰረ ሰው በአንድ እጁ ተደግፎ ተነሣና «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለ። የየአልጋው አስታማሚ አንድ በአንድ መጥቶ ዙሪያቸውን ተቀመጠ። ክፍሉ ለቅሶ ቤት ሆነ።

ሲረጋጉ ሌላ ነገር አልጠየቁም። «ነገ ተመለስና መቃብሩን አሳየኝ» አሉ።

እንደገና ተበላ

ዜናው ቀድሞኝ ደርሶ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ድሮኗን ላስነሣ ስል እማማ አማረች እጄን ያዙኝ።

«ከላይ አይሁን፣ ልጄ። ጩኸቷም አይሰማ። እንደ ሰው በእግርህ ሄደህ አሳየው።»

ክንፎቿን ፈታኋቸው። በሁለት እጄ ደረቴ ላይ ይዣት በእንሰቱ መሃል አለፍኩ፤ ወንድማማቾቹ ዘወትር በሚያልፉበት ቀጭን መንገድ። ሰዎቹ እየቀረቡ ካሜራዋን እያዩ ለአቶ ቶማስ በወላይትኛ አለቀሱ፤ እኔ ግማሹን ነው የምሰማው። እማማ አማረች መቃብሩ አጠገብ ቆመው «ዳና፣ ብቻዬን አለቀስኩለት፤ አሁን አብረኸኝ አልቅስ» አሉና ካሜራዋን እንደ ሰው ፊት በጣታቸው ዳሰሷት። እንዲህ ሲነኳት ሞተሯ ይጎዳል፤ ሁልጊዜ የምከለክለው ነገር ነው። አልከለከልኳቸውም። ጎንበስ አለች፤ ሲለቋት ቀጥ አለች።

ማታ ቪዲዮውን ሳየው ገረመኝ። እጄ ያን ሁሉ ሲንቀጠቀጥ ምስሉ ላይ አንድም መናወጥ የለም።

አቶ ዳና እያለቀሱ እስከ መጨረሻው አዩት። ሲያበቃ «እንደገና» አሉ።

ሀዋሳ

አስቴር ከአባቷ ጋር ቀረች፤ እኔ ሥራ ስላለብኝ ተመለስኩ። በመንገዱ ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር። እሳቸውን ከሐዘን የጠበቅናቸው መስሎን ነበር። ሐዘኑ ግን ቀድሞ ደርሷቸው ነበር፤ የከለከልናቸው የሚያጽናናቸውን ሰው ነው። አስቴርም ለአጎቷ የምታለቅሰው ከአባቷ ተደብቃ፣ መጸዳጃ ቤት ገብታ ነበር።

ቤት ስደርስ ሴት ልጄ በሩን ከፈተችልኝ። ለልጆቹም አልነገርናቸውም ነበር፤ አቶ ቶማስ በመጡ ቁጥር ሸንኮራ ያመጡላት ስለነበር እጅግ ትወዳቸዋለች።

«አባዬ፣ አያቴ ተሻለው? አያቴ ቶማስስ መቼ ነው የሚመጣው?»

ደኅና ናቸው የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር። በርከክ አልኩና ትከሻዋን ያዝኩ።

«አያትሽ ቶማስ ሞተዋል፣ ልጄ» አልኳት።

 ፊቷ ተለወጠ። አልቅሳ እስኪወጣላት ድረስ ቦርሳዬን ከጀርባዬ ሳላወርድ እዚያው በሩ ላይ አቅፌያት ቆየሁ።