በደረሰኝ የማይመለስ

አማቴን ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳትኩም። እዚህ ግን ወረቀቱ የራሴ ስለሆነ እሷ እያልኩ እጽፋለሁ። የሚከፋው ካለ ይከፋው።

ሚኒያፖሊስ የገባሁት በፎቶ ታይቼ ነው። ፎቶዬን ባለቤቴ አየው፣ ቤተሰቡ አየው፣ ኒካው አዲስ አበባ ታሰረ፣ ወረቀቱ አለቀና መጣሁ። ፎርት ስኔሊንግ ካለው ኤርፖርት ሻንጣዬን እየጎተትኩ ስወጣ እሷ ነጭ ሻርፕ አድርጋ፣ አበባ ይዛ ከልጇ ጎን ቆማለች። ጎንበስ ብዬ ጉልበቷን ልስም ስል ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና ለልጇ፣ «ፎቶው ላይ ትሻል ነበር» አለችው። ከዚያ አበባውን ሰጠችኝ።

ዋጥኩት። ሌላም ተከተለ። «እጇ ጨው አያውቅም» ተባልኩ፣ እንግዳ በተሰበሰበበት፣ ወጡን እየበሉ። ልጄን በኦፕራሲዮን ስወልድ አልጋዬ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ «እኔ ስድስት ወልጄ ሆዴን ማንም አልቀደደውም» አለች፤ ለእኔ ያመጣችውን ገንፎ ራሷ እየበላች። ለባለቤቴ ብነግረው፣ «እናቴ ናት፣ ምን ላድርጋት? ቻይው» አለኝ። ቻይው የሚሉት ሰዎች መቼም ራሳቸው የሚችሉት ነገር የላቸውም።

የባሰው የደረሰኙ ነው። ለባለቤቴ የገዛሁለት ጃኬት ጠበበውና ልመልሰው ብዬ ደረሰኙን ከመሳቢያ መሳቢያ እየፈለግኩ ነበር። እሷ ሳሎን ተቀምጣ ደሴ ካለችው እህቷ ጋር በስልክ ታወራለች። የምፈልገውን አይታለች። ድምጿን እንኳ ዝቅ ሳታደርግ፣ «እዚህ አገር እኮ ዕቃ ይመለሳል» አለቻት። «ምናለ ሰውም በደረሰኝ በተመለሰ!» እህትየዋ ስትስቅ በስፒከሩ ሰማኋት። ደረሰኙን አገኘሁት፣ ጃኬቱንም መለስኩት። ያቺን ቃል ግን የምመልስበት ቦታ አላገኘሁም።

አሁን ሴንት ሉዊስ ፓርክ የሚባል ሠፈር ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መዋያ እሠራለሁ፤ እዚያ የሚውሉት የአገራችን እናቶች ዴይኬር ነው የሚሉት። ጠዋት በቫን ከየቤታቸው እሰበስባቸዋለሁ፣ ቁርስ አቀርባለሁ፣ መድኃኒታቸውን አስታውሳቸዋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እመልሳቸዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አማቴም ከእነሱ አንዷ ናት። ጉልበቷ እምቢ ስላላት ባለቤቴ ቤት ብቻዋን አትዋል አለ። ስለዚህ ክሪስታል ሠፈር ካለው ቤታችን ጠዋት አብረን እንወጣለን፤ እሷ ከኋላ፣ እኔ መሪው ላይ። ቀበቶዋን የማስርላት እኔ ነኝ።

መዋያው ትልቁ ክፍል ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን አለ። ከቁርስ እስከ ምሳ የህንድ ድራማ እናያለን፣ ተርጓሚዋም እኔ ነኝ። እናቶቹ ህንድኛ የምችል ይመስላቸዋል። እኔ የማነበው ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ ነው፤ ነገር ግን አፌን ከተዋናዮቹ አፍ ጋር እኩል ስለምከፍት ማንም አልጠረጠረኝም። የቱርኩን ድራማ የሚፈልጉም ነበሩ። ጭቅጭቁ ሲበዛ ማኔጀሯ ሐሙስ ሐሙስ እጅ ይውጣ፣ ያሸነፈው ይታያል ብላ ደነገገች። ቆጥሬ ነጭ ሰሌዳው ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ። የቱርኩ አማርኛ ድምፅ ተቀድቶለት ነው የሚመጣው፤ እሱ ካሸነፈ የእኔ አፍ ሥራ ይፈታል።

የሰው ፍላጎት እንዴት እንደሚለዋወጥ በዚያ ሰሌዳ ላይ አይቻለሁ። መጀመሪያ የሚወደደው ምራት የምታለቅስበት ነበር። ሻይ ደፋች ተብላ ስትሰደብና ጓዳ ገብታ ስታነባ፣ እናቶቹም አብረዋት ያነባሉ፤ ሐሙስ የክፍሉ እጅ ሁሉ ይወጣል። ቆይቶ ሰለቻቸው። አንዷ፣ «ይቺ ልጅ እስከ መቼ ታለቅሳለች? ሥራ አትይዝም? ላይሰንስ አታወጣም?» አለች። እጆቹ ወረዱ። ከዚያ አንዲት ሴት እባብ እየሆነች ጠላቶቿን የምትበቀልበትን አመጣሁ። በቀል ስለነበረበት እኔ በጣም ወድጄው ነበር። አማቴና ሌሎቹ የወሎ እስላም እናቶች ግን «አዑዙ ቢላህ!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ፤ ከመካከላቸው አንዷ፣ ጴንጤዋ እናት፣ ደግሞ «በኢየሱስ ስም!» ብላ ሪሞቱን ከእጄ ነጠቀችኝ። ሁለቱን ሃይማኖት በአንድ ቀን ያስማማ ድራማ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

እዚሁ የተወለደች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አለችኝ፤ በአማርኛ ስጠይቃት ግማሹን በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። ህንድ አገርም ነገሩ እንደ እኛው ሰሌዳ መሆኑን የነገረችኝ እሷ ናት። ስልኳን እየነካካች፣ «ማም፣ ሬቲንግ አላቸው እኮ፣ ኤቭሪ ዊክ» አለችኝ። ሬቲንጉ፣ የተመልካቹ ቁጥር ማለት ነው፣ ሲወድቅ ሠርግ ይጨምራሉ፣ ሰው ይገድላሉ፣ የገደሉትን ያስነሳሉ። ተመልካቹ ክፋት በቃኝ ያለ ከመሰላቸው ክፉዋን ሴት ደግ ያደርጓታል። ይህን የመጨረሻውን ያኔ ልብ አላልኩትም።

ሦስተኛው ድራማ ላይ ባለቁልፏ መጣች። ስሟን መያዝ ስላቃታቸው እናቶቹ ናቸው እንዲህ ያሏት። የትልቅ ቤት አማት ናት፤ የጓዳውን ቁልፍ ሁሉ ወገቧ ላይ አስራ እያንቃጨለች ትንጎራደዳለች። በመጀመሪያው ክፍል አዲሷ ምራት ከመኪና ስትወርድ ባለቁልፏ ከላይ እስከ ታች አየቻት። ከሥር የተጻፈው «እንኳን ደህና መጣሽ» የሚል ነበር። እኔ አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው።

«ፎቶው ላይ ትሻል ነበር!»

 አንዷ «ኧረ አፈር ብይ!» ብላ ጮኸች። አማቴን በዓይኔ ጠርዝ አየኋት። ከፊት ረድፍ ጉልበቷ ላይ ብርድ ልብስ ጥላ ተቀምጣለች። እጇን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግታ፣ «ምላሷን ይቁረጠው!» አለች። የራሷን ምላስ ማለት ነው። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቫኑን እየዘፈንኩ ነው ድራይቭ ያደረግኩት።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመኝ። ጨዉን ለባለቁልፏ ሰጠኋት። ኦፕራሲዮኑንም ሰጠኋት፤ ድራማው ውስጥ ገና ማንም አልወለደም፣ ግን «የጎረቤቷን ምራት ነው የምትሰድበው» ብዬ አለፍኩት። ሐሙስ ሐሙስ ለቱርኩ ሁለት እጅ ወይም ሦስት እጅ ይወጣል፤ ለህንዱ የቀረው ክፍል ሁሉ። ሽንት ቤት የሄደች እናት ስትመለስ ምን እንዳመለጣት አጠገቧ ያለችውን ትጠይቃለች። ምሳ ላይ «የእኔም አማት ልክ እንደዚህ ነበረች» እያሉ የስንት ዓመት ቁስላቸውን ያወጣሉ። አማቴም የራሷን አማት ታማለች። አንድ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ቫኑ ውስጥ፣ «ያችን ባለቁልፍ እናት አላሳደገቻትም» አለችኝ። «እውነትዎን ነው» አልኳት፣ በመስታወቱ ውስጥ ዓይኗን እያየሁ።

የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ሁሉም በሚራገምበት ሰዓት፣ ቃሉ የማን እንደሆነ ትወቀው። እዚያው ወንበሯ ላይ ስታፍር ልያት። እሷ ግን ረስታዋለች፤ ከልቧ ረስታዋለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ሲሉ እሰማ ነበር፤ መርሳቷ ከመውጋቷ ይልቅ እንደሚያናድድ ግን የነገረኝ አልነበረም።

ደረሰኙን ለመጨረሻ አስቀምጬው ነበር። አንድ ማክሰኞ ባለቁልፏ ስለ ምራቷ ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ አየሁና ጊዜው አሁን ነው አልኩ። «ዕቃ እንኳ ይመለሳል! ምናለ ሰውም በደረሰኝ በተመለሰ!» እናቶቹ ተንጫጩ። ጴንጤዋ እናት፣ «ህንድ አገርም በደረሰኝ ይመልሳሉ እንዴ?» ብላ ጠየቀች። አማቴ አልተራገመችም። ብርድ ልብሷን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች።

ሁለት ሳምንት ዝም አለች። ቫን ውስጥ ዝም፣ ምሳ ላይ ዝም። ቀበቶዋን ሳስርላት ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ገብቷታል አልኩ በልቤ። ግን እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም፤ ጉልበቷን አሟትም ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ ያልሆኑበት በቀል ደግሞ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው፣ አያጠግብም።

በዚህ መሀል ህንዶቹ ከዱኝ። የድራማው ሬቲንግ እዚያ አገሩ ወርዶ ኖሯል፤ ልጄ ናት በስልኳ ያየችው። ጸሐፊዎቹ ያችን የመሰለች ክፉ ሴት በአንድ ሳምንት ደግ አደረጓት። እኔ ሳላውቅ ከፈትኩት። ባለቁልፏ እያለቀሰች መጣች፣ ቁልፎቹን ከወገቧ ፈታች፣ በምራቷ እጅ ላይ አኖረችና እግሯ ሥር ወደቀች። ከሥር «ልጄ፣ በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ» የሚል ተጻፈ።

 አማቴ አንዲት ቀን ይቅርታ ብላኝ አታውቅም። እሷ ያላለችውን እኔ በገዛ አፌ ልበልላት? ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እሷ ብርድ ልብሷን ለብሳ ተቀምጣ፣ በነጻ? አላደርገውም አልኩ።

«እንኪ ቁልፉን!» አልኩ ድምፄን አክርሬ። «ጓዳ ግቢና ሥሪ! ካልሠራሽ ወዮልሽ!»

«ታዲያ ለምን ታለቅሳለች?» አለች ጴንጤዋ እናት።

«አስመስላ ነው። ክፉ አይደለች።»

«እግሯ ላይ ወድቃ?»

«ተንኮል ነው» አልኩ። ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ።

ያን ጊዜ አማቴ አፏን ከፈተች። «አይደለም» አለች። «ማፍ ነው ያለቻት፣ ሰምቻታለሁ። አፉ በይኝ ማለቷ ነው።»

አፉ በሉኝ የወሎ እስላም ይቅርታ ነው። ሐጅ የሚሄድ፣ የታመመ፣ የተጣላ ሰው ቤት ለቤት እየዞረ አፉ በሉኝ ይላል። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆንኩ ይቅርታ ነው የምለው። ያንን ህንድኛ ስንት ዓመት ስሰማው ኖሬ፣ የእኛም የእነሱም ቃል ከአንድ ዓረብኛ እንደመጣ ጆሮዬ አልያዘውም፤ መንገዴ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛው በኩል ነበር። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። ግን ቀደመችኝ።

ሌሎቹ የወሎ እናቶችም፣ «እውነቷን ነው፣ ማፍ ብላለች» አሉ። ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እሷን ላዋርድበት ባዘጋጀሁት አደባባይ እኔው ተዋርጄ ቆምኩ።

አማቴ በዚያ አላበቃችም። ወንበሯ ላይ እንደምንም ዞረችና ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ። «አፉ በይኝ» አለች ቀስ ብላ። ወደ ቴሌቪዥኑ አልጠቆመችም። «ምራቷስ? ምን አለቻት?»

ቴሌቪዥኑ ላይ ምራቲቱ አማቷን ከመሬት አንስታ አቅፋታለች። ከሥር የተጻፈው «እናቴ፣ ምንም አልበደልሽኝም» ነው። እንዲህ ብል ውሸት ነው፤ በድላኛለች፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። አልምርሽም ለማለትም ፈልጌ ነበር፣ በእውነት ፈልጌ ነበር፤ በልቤ ስንት ጊዜ የተለማመድኩት ቃል ግን በዚያች ሰዓት የእኔ አልመስል አለኝ። እናቶቹ እየጠበቁ ነው። እሷም እየጠበቀች ነው።

«ደረሰኝ አለቻት» አልኩ።

«ምን?» አለች ጴንጤዋ እናት። «የምን ደረሰኝ?»

ማንም አልገባውም። አማቴ ሻርፗን ወደ አፏ አደረገች፣ ትከሻዋም ተንቀጠቀጠ። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ከቆምኩበት አልታየኝም፤ ጠጋ ብዬም አላየሁም።

ሐሙስ እጅ ይውጣ ተባለ። እናቶቹ ምሳ ላይ ተመካክረው ጨርሰዋል፤ ባለቁልፏ ደግ ከሆነች ምን ልናይ ነው፣ ተርጓሚዋም ውሸታም ናት ብለዋል። ለቱርኩ ስል ክፍሉ በሙሉ ማለት ይቻላል እጁን አወጣ። ቆጥሬ ጻፍኩ። «ለህንዱስ?» አልኩ።

አንዲት እጅ ብቻ ወጣች፣ የአማቴ። ቀኝ ትከሻዋን እንደሚያማት አውቃለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ካፖርቷን የማለብሳት እኔ ነኝ። ሆኖም እጇን አላወረደችውም፤ እኔን እኔን እያየች ይዛዋለች። የማርከሩን ክዳን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት፣ መልሼ ከፈትኩት። አንድ ብዬ ለመጻፍ አልቸኮልኩም።