ያምሮትን ማን ጠየቃት

ባለፈው ነሐሴ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ስለ አንዲት ሴት ትዳር ያልተከራከረ ወንድ ካለ እኔ አላየሁትም። ሴትዮዋ በሕይወት ያለች እንዳትመስላችሁ። በገነነ ጌም ቤት ኮምፒውተር ውስጥ የምትኖር፣ ከእጇ እሳት የምታወጣ፣ ድሮ ሌባ የነበረች የጨዋታ ሰው ናት። ለእሷ ትዳር ጎረምሳው፣ ነጋዴው፣ ዲያቆኑ፣ እኔም ጭምር ጉሮሯችን እስኪደርቅ ተጨቃጭቀናል። ያን ጭቅጭቅ ሳስታውሰው ዛሬም ደሜ ይፈላል፤ መጀመሪያ የምናደደውም በራሴ ነው።

ታከለ እባላለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ስፌት ቤቴንና የገነነን ጌም ቤት የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ስለሆነ እዚያ የሚባለው ሁሉ ይሰማኛል። ድሮ የሚሰማኝ የኳስ ጨዋታ ጩኸት ነበር፤ ለምጄው እሰፋለሁ። የዚያን ክረምት ግን አንድ ደንበኛ ከባሕር ዳር በፍላሽ አዲስ ጨዋታ ይዞ መጣ። ኳስ የለበትም፣ ተኩሱም ጥቂት ነው። ታሪክ ነው። ጀግናው የሚወድቅን ነገር ሁሉ አየር ላይ ማቆም የሚችል ሰው ነው። ከተማ ሲያድን ይውላል፣ ቤቱ ሲገባ ደግሞ እንደ ማንኛችንም ይጨነቃል። በየመሀሉ ታሪኩ ይቆምና ስክሪኑ ላይ ምርጫ ይመጣል። ምን ይበል፣ ማንን ያድን፣ ማንን ይውደድ። በአሥር ሰከንድ ውስጥ ካልመረጥህ ታሪኩ ትቶህ ይሄዳል። የመረጥኸውን መልሰህ መለወጥ አትችልም፤ የቆጨው ከመጀመሪያው ይጀምራል።

እንግሊዝኛውን በዚያ ፍጥነት አንብቦ ለሰው የሚያስረዳ በቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የገነነ እህት ያምሮት።

ያምሮት ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የተወለደችው ወደ ቡሬ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ካለ ገጠር ነው። አባቷ ሲሞቱ አምስተኛ ክፍል ነበረች። እናቷ እማማ እህተ ማርያም እርሻውን ይዘው ቀሩ፣ ገነነ እሷን ወደ ከተማ አመጣት። አሳድጓታል፣ አስተምሯታል፤ ይህን አልክድም። የከተማ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዩኒፎርሟን የሰፋሁላት እኔ ነኝ። እጅጌውን አስረዝሜው ኖሮ በማግስቱ ይዛው ተመለሰች። "ጋሼ፣ እጄን ሸፈነው፤ መጻፍ አልቻልሁም" አለችኝ። ከሌሎቹ ልጆች እጅጌ ረዘመብኝ ብሎ የመጣብኝ አልነበረም፤ ጠቅልለው ይለብሱታል። እሷ ግን እንዲህ ናት፤ የማይሆናትን አይሆነኝም ትላለች። አድጋ በመምህርነት ተመረቀችና ዱርቤቴ አካባቢ እንግሊዝኛ እንድታስተምር ተመደበች። የምደባ ደብዳቤዋን ለእኔ ብቻ ሦስት ጊዜ አንብባልኛለች። ሥራ የምትጀምረው በመስከረም ነው፤ እስከዚያ ወንድሟን ታግዛለች።

ወቅቱ ፍልሰታ ነበርና ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ፣ እህል ቀምሶ፣ ከሰዓት በኋላ ጌም ቤት ይሰበሰባል። እኔም መቀሴን አስቀምጬ እገባለሁ። ጆይስቲኩን የሚይዘው ገነነ ነው። ያምሮት ከስክሪኑ ጎን ቆማ ታነባለች፣ እኛ እጅ አውጥተን እንወስናለን።

ጀግናውን ሁለት ሴቶች ይወዱታል። አንዷ ቁስሉን የምታክመው ሐኪም ናት፤ "ዶክተሯ" አልናት። ሁለተኛዋ ያች እሳት የምታወጣው ናት፤ "እሳቷ" ብለን ጠራናት። አብዛኛው ሰው ልቡ ከዶክተሯ ጋር ነበር። አንድ ቀን ማምሻውን ዶክተሯ ጀግናውን እስከ በር ሸኘችውና ምርጫ መጣ።

"አንደኛ፣ ሳማት። ሁለተኛ፣ ደህና እደሪ ብለሃት ሂድ" ብላ አነበበች ያምሮት።

"ፍልሰታ አይደለም እንዴ፤ በጾም መሳሳም የለም" አለ ዲያቆን ኪዳነ ማርያም ከኋላ ሆኖ።

አሁን ስነግራችሁ ትስቁ ይሆናል። ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም። ለ"ደህና እደሪ" የቤቱ እጅ ሁሉ ወጣ፣ የእኔም ወጣ። ዶክተሯ ፊቷን አዙራ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ከሥራ ውጭ አንድ ቃል አልተነፈሰችለትም።

እሳቷ ቀረች። አሁን ክርክሩ በእሷ ላይ ሆነ። ሌባ የነበረች ሴት ትታመናለች ወይ፣ ስትናደድ ቤቱን ብታቃጥልስ፣ ልጅ ስትወልድ እሳቱ ወደ ልጁ ይተላለፋል ወይ። ሃያ ወንድ ይህን ሲጨቃጨቅ ያምሮት ቆማ ትሰማለች። በመጨረሻ ትሁን ተባለችና ጀግናው ወደዳት። ነገሩ ሲያምር አባቷ ከሌላ ከተማ መጡ።

"አንደኛ፣ አባቷን አነጋግር። ሁለተኛ፣ ምን እንደምትፈልግ እሷን ጠይቃት።"

ያምሮት ሁለተኛውን ደግማ አነበበችው። ለምን እንደደገመችው አሁን ነው የገባኝ። አንድም እጅ አልወጣለትም። አባት እያሉ ልጅቱን መጠየቅ ምን የሚሉት ብልግና ነው። ገነነ አንደኛውን ተጫነ። አባትየው ደስ ብሏቸው የጀግናውን እጅ ጨበጡ። እሳቷ ይህን ስትሰማ "ስለ እኔ ከሌላ ሰው ጋር ተነጋገርህ" አለችውና ጥላው ሄደች።

ጌም ቤቱ ተናወጠ። አንዱ ያምሮትን አሳስተሽ ተርጉመሽ ነው አላት። ሌላው ጨዋ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገ እያለ ጮኸ። "የተጻፈውን ነው ያነበብሁት" አለች ያምሮት። ገነነ ጥርሱን ነክሶ ተቀመጠ። በማግስቱ ጨዋታውን ከመጀመሪያው ጀመረው። መብራት ሲጠፋ እየጠበቀ፣ ሲመጣ እየቀጠለ፣ አሥራ አንድ ቀን ለፋ። እሷን መጠየቅ ነበረብን፣ እሷን መጠየቅ ነበረብን ይላል። እኛም ልክ ነህ እንለዋለን።

አሁን በእነዚያ አሥራ አንድ ቀኖች መሀል የሆነውን ስሙኝ።

ቡሬ ላይ በርበሬ የሚነግድ ሀብተሚካኤል የሚባል የአጎቴ ልጅ አለ። ለልጁ ለመልካሙ ያምሮትን ፈለገና ሦስት ሽማግሌ ላከ። ጎረቤት ነው፣ ቃሉ ይሰማል ብሎ አንዱን እኔን አደረገኝ። ወሬ አላሳምርም፤ ደስ ብሎኝ ነው የሄድሁት። በወጉ ቆምን፣ ተቀመጡ ስንባል ተቀመጥን፣ የመጣንበትን ተናገርን። ሠርጉ ለጥር እንዲሆን ነው የፈለጉት። ልጅቱ ግን ከወዲሁ ዱርቤቴ አትሂድ፤ የታጨች ልጅ ብቻዋን ሰው አገር አትቀመጥም አሉ። ገነነም በወጉ "ልምከርበት፤ ቀን ስጡኝ" አለ። የመልሱ ቀን ለነሐሴ መጨረሻ ሆነ።

መከረ። ከአጎቱ ጋር መከረ። ገጠር ወርዶ ለእናቱ ነገራቸው። ከላኪው ወገን ከሆንሁት ከእኔ ጋር እንኳ መከረ። ከዚያ አንድ ጧት ስፌት ቤቴ በር ላይ ቆሞ "ትናንት እራት ላይ ነገርኋት" አለኝ።

"ምን አለች?"

"ምን ትላለች። አቀርቅራ ሰሃኑን አንስታ ወጣች። ዝም ካለች እሺ ነው እንጅ።"

"ደህና" አልሁት፤ የስፌት መኪናዬንም መርገጥ ቀጠልሁ። እጅጌ ረዘመብኝ ብላ ከፊቴ የቆመችውን ልጅ የማውቅ ሰው፣ ሰሃን አንስታ መውጣቷን እሺ ነው ብዬ ተቀበልሁ። ልጅቱ ያደገችበት ወግ ሽማግሌ የመጣባት ሴት አፏን ስትከፍት ዓይነ ደረቅ ይላታል። ዝም ስትል ደግሞ ፈቀደች ይላታል። ታዲያ በየት በኩል ትለፍ? ይህን ያን ጠዋት አላሰብሁትም። ያሰብሁት የያዝሁትን ሱሪ ነው።

ነሐሴ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ታሪኩ እዚያው ቦታ ደረሰ። አባትየው ገቡ። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ያምሮት ምርጫዎቹን አነበበች። "እሷን" አሉ ሁሉም በአንድ አፍ፤ ገነነ ተጫነ። ጀግናው ወደ ሴትዮዋ ዞሮ ምን እንደምትፈልግ ጠየቃት። እሳቷ ብዙ አወራች፤ ያምሮት ተከትላ አስረዳች።

"እወድሃለሁ ትለዋለች። ግን ሌላ ከተማ የምሠራው ሥራ አለኝ፤ አሁን አላገባም። መጠበቅ ከቻልህ ጠብቀኝ፣ ካልቻልህም አልቀየምህም ትላለች።"

አሁን ይንጫጫሉ ብዬ ነበር። ማንም አልተንጫጫም። ገነነ ራሱን ነቀነቀ። "ልክ ናት" አለ፤ "ሐሳቧ ነው። የሰው ሐሳብ ይከበራል።" ኪዳነ ማርያም "እንጠብቃታለን" አለ። እኔ የቡሬው መልእክተኛ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ያምሮት መጥታ ስክሪኑ ፊት ቆመች።

"ገነነ፣ እኔንስ መቼ ነው የምትጠይቀኝ?"

"ምኑን?"

"የቡሬዎቹን ነገር።"

ሰው ፊት መሆኑ አሳፈረው። ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠና ዝግ ባለ ድምፅ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው፣ "ያምሮት፣ ይኸ ጨዋታ ነው። ያኛው ቁም ነገር ነው" አላት።

ይህችን ንግግር እየደጋገምሁ አስቤያታለሁ፤ ባሰብኋት ቁጥር እናደዳለሁ። ለጨዋታ ሲሆን ሴት ትጠየቃለች፣ ቁም ነገር ሲሆን አትጠየቅም ማለት ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱ እንኳ ምን እያልህ ነው አላለውም። ስክሪኑን ስለጋረደችበት "ዞር በይልን" ያላት ግን ነበረ። ዞር ብላ ወጣች። እነሱም ጨዋታውን ቀጠሉ፤ የሚያነብላቸው ስላልነበረ በግምት እየተጫኑ።

የመልሱ ቀን ደረሰ። ሦስታችን ጋቢያችንን ደርበን ከጌም ቤቱ ኋላ ወዳለው የገነነ መኖሪያ ገባን። እማማ እህተ ማርያም ከገጠር መጥተው ጥግ ተቀምጠዋል። ገነነ ተነሳና "ልጅቱን ጠይቀናል፤ ፈቃዷ ነው" አለ።

ጠይቀናል አለ፣ በሽማግሌ ፊት። ውሸት መሆኑን እኔ በደንብ አውቃለሁ። ጠይቀኝ ስትለው ሰምቻለሁ፣ የመለሰላትንም ሰምቻለሁ። አፌን ልከፍት አልሁ። ሀብተሚካኤል ይቀየመኛል፣ ገነነ ጎረቤቴ ነው፣ ሽማግሌ የተላከበትን አያፈርስም። ይህን ሁሉ አሰብሁና ጋቢዬን አስተካክዬ ዝም አልሁ።

ያምሮት ሳትጠራ ገባች። እጅ ነሳችና ቆመች። 

"አባቶቼ፣ ስለ መልካሙ ክፉ አልናገርም፤ አላውቀውም። ወንድሜ ጠይቀናታል ያለው ግን ልክ አይደለም። ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ አልፈልግም እለው ነበር። አሁንም አልፈልግም። በመስከረም ሥራዬ ላይ እገባለሁ።"

ትልቁ ሽማግሌ ግራ ገባቸው። "ልጄ፣ ተመክሮበት የለም እንዴ?" አሉ።

"ተመክሮበታል አባቴ። የጎደልሁት እኔ ብቻ ነኝ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ጋሼ ታከለ፣ ያችን የኮምፒውተር ሴት ለመጠየቅ አሥራ አንድ ቀን ለፋችሁ። እኔ እዚያው ቤት ቆሜ ነበር።"

ገነነ "አዋረድሽን" ብሎ ወደ እሷ ሲራመድ እማማ እህተ ማርያም ከጥግ ሆነው "ተዋት" አሉት። ጮክ አላሉም፤ እሱ ግን ቆመ። ከእሷ ሌላ በዚያ ቤት የተናገረ ሰው ቢኖር እናቷ ናቸው። እኔ ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር ተነስቼ ወጣሁ።

አሁን ከተማው "ጌሙ አበላሻት" ይላል። ይህን ስሰማ መቀሴን ልወረውር ይቃጣኛል። ጌሙ ፊት ተኮልኩለን የከረምን እኛ ነን፤ ምነው እኛን ቅንጣት አላስተማረን? እንጠብቃታለን ያለው ኪዳነ ማርያም ራሱ "ሴት ልጅ እንዲህ አትደፍርም" ሲል ሰምቼዋለሁ። ገነነ ወደ ኳሱ ተመልሷል፤ እህቱን አያነጋግራትም። መልካሙ በጥር ሌላ ልጅ ያገባል አሉ። ያችኛዋን ልጅ ማን እንደጠየቃት አላውቅም፤ አልተጠየቀችም ብዬ ነው የምፈራው።

ያምሮት ዱርቤቴ ገባች። በጥቅምት ይቅርታ ልጠይቃት ደወልሁ። አነሳችልኝ። ደህንነቴን ጠየቀችኝ፣ ክፍሏ ውስጥ ስልሳ ሦስት ተማሪ እንዳለ ነገረችኝ፣ የመጀመሪያ ሳምንት ድምፅዋ ተዘግቶ እንደነበር ነገረችኝ። ወደ ነገሬ ስገባ ግን ይቅርታው ቀርቶ ሰበብ መደርደር ጀመርሁ። ወንድምሽ ነው የወሰነው፣ ወጉም አለ፣ እኔ ተላኪ ነኝ፣ ምን ላደርግ ኖሯል አልኋት። እስክጨርስ ታገሰችኝ።

"ጋሼ፣ ውሸት መሆኑን ያውቁ ነበር" አለችኝ። "መናገር ይችሉ ነበር።"

እችል ነበር።