ዝይ ያከራየው ቤት

እናቴ ቶሮንቶ በነበረችበት ጊዜ የተጣላችው ከአንድ ፍጡር ጋር ብቻ ነው፤ እሱም ዝይ ነው።

ዝዩ የሚኖረው ቴሌቪዥን ውስጥ ነው። ክራባት ያስራል፣ የቁልፍ ዘለላ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን የጃፓን ተከራዮቹን በር በመንቁሩ ያንኳኳል። የቤቱ አከራይ መሆኑ ነው። እናቴ ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ፣ ሻሿን አስተካክላ ትጠብቀዋለች።

"መጣ ደግሞ ይሄ አንገተ ቧንቧ! ዛሬስ ምን ሊል ነው?"

"ቤቱን ለምን አጠበባችሁት ነው የሚለው" እላታለሁ።

"እነሱ ናቸው ያጠበቡት? ወላሂ፣ አያፍርም!" ትልና ትንሽ ታስባለች። "ግን ከናንተ ህንፃ ጠጋኝ ይሻላል። ይሄ ቢያንስ ይመጣል።"

እውነቷን ነው። የኩሽናችን ቧንቧ መንጠባጠብ ከጀመረ ሁለት ወር አልፎት ነበር።

ድራማው የጃፓን ኮሜዲ ነው። አባትየውን መሥሪያ ቤቱ ስሙ ወደማይነገር በረዷማ አገር ልኮት፣ ሚስቱን፣ ልጁንና አሮጊት እናቱን ይዞ የዝዩን ቤት ተከራይቷል። ቤቱ በየሳምንቱ አንድ አንድ ክንድ ይጠባል። ማንም ጠበበ ብሎ አያነሳም፤ ዝም ብለው ወንበራቸውን ይጠጋጋሉ። አባትየው አለቃው ፊት ጎንበስ ባለ ቁጥር ቁመቱ ይቀንሳል፤ አንዳንድ ቀን ሚስቱ በምሳ ዕቃ ይዛው ትመለሳለች። በሳምንቱ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሙሉ ሰው ሆኖ ይነሳል። አሮጊቷ ካገሯ ያመጣችውን ባሕር ቁም ሣጥኗ ውስጥ ደብቃለች፤ ስትከፍተው ማዕበሉ የተሰቀሉትን ካፖርቶች ያረጥባቸዋል።

"ባሕር ምን ያደርግላታል?" አለች እናቴ መጀመሪያ ያየችው ቀን። "እኔ ብሆን የጦሳን ጉም ነበር አጣጥፌ የማመጣው።" ጦሳ ደሴ ከተማ አናት ላይ ያለው ተራራ ነው፤ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጠዋት ጠዋት በሯን የምትከፍተው ጉሙ ላይ ነው።

የማስተረጉምላት እኔ ነበርኩ። ማስተርጎም ከተባለ። ጃፓንኛ አላውቅም፤ ከስር የሚጻፈውን እንግሊዝኛም አልደርስበትም። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ እንግሊዝኛዬን የለቀምኩት ኢቶቢኮ በሚባለው የከተማው ዳርቻ፣ የምሠራበት መጋዘን ውስጥ፣ ካርቶን ላይ ከሚጻፈው ነው። "ተሰባሪ ነው" እና "በዚህ በኩል ወደ ላይ" የሚሉትን ማንም አይቀድመኝም። የቴሌቪዥኑ ጽሑፍ ግን ሁለት ቃል እንዳነበብኩ ጥሎኝ ይሄዳል። የቀረውን ከራሴ እሞላለሁ።

መሙላት የጀመርኩት ደሴ ነው። ጎረቤታችን ከጅዳ ስትመለስ ቴሌቪዥንና ዴክ ይዛ መጣች፤ እሁድ እሁድ የሰፈሩ ሴቶች ምንጣፏ ላይ ተደርድረው የህንድ ፊልም ያያሉ። በዚያን ጊዜ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ፊልሙን እየተከተለ ባማርኛ የሚተርክ ሰው አይጠፋም ነበር፤ የኛ ሰፈር ተራኪ እኔ ነበርኩ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ። ህንድኛ ከየት አውቄ! ግን አንዷ "ምን አለች?" ስትል ዝም ማለት አልችልም። አፌ ይቀድመኛል። እናቴም ለሰው ሁሉ "ልጄ ህንድኛ ታውቃለች" ትል ነበር። አምናኝ ይመስለኝ ነበር።

ቶሮንቶ የመጣችው ለጉብኝት ነው፤ የመመለሻ ቲኬቷ ለሚያዝያ ተቆርጧል። እኔ ግን እዚሁ እንድትቀርልኝ የስፖንሰር ፎርሙን ሞልቼ ጨርሼ፣ የቀረው የሷ ፊርማ ብቻ ነበር። ፎርሙን ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጠፍኩት። ውሃ ልትጠጣ በሄደች ቁጥር ታየዋለች። ሳነሳባት "እናያለን፣ ኢንሻላህ" ትለኛለች። ባለቤቴ ከባድ መኪና ይዞ ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው የሚከርመው፤ ሲመለስ እሱም ይሞክራታል።

"እማማ፣ ምን ጎደለብዎት?"

"ምንም አልጎደለ፣ ልጄ። ሁሉ ሞልቷል። የተረፍኩት እኔ ነኝ።"

ለምን እንድትቀር እንደፈለግሁ ልንገራችሁ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የዚህን የቶሮንቶ ቤቴን በር በገዛ ቁልፌ ስከፍት ነው የኖርኩት። እሷ ከመጣች ወዲህ ቁልፍ አላወጣሁም። የሊፍቱን በር ሰምታ፣ ኮቴዬን ከጎረቤት ኮቴ ለይታ፣ ሳልደርስ ትከፍተዋለች። "ደከመሽ?" ትላለች። ሌላ ምንም አይደለም። "ደከመሽ?" ብቻ። መጋዘን ውስጥ ከሰዓት በኋላ ላይ ወገቤ ሊቆረጥ ሲደርስ የማስበው ያቺን ቃል ነው። እሷ ያን ቀን ሙሉ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ግድግዳ ስታይ እንደዋለች ላስብ አልፈልግም ነበር።

ስለዚህ የጃፓኗን አሮጊት ሥራ አስገባኋት።

አሮጊቷ በመስኮት በረዶውን እያየች ስትተክዝ፣ "ብርዱ ለጉልበቴ ተስማምቶኛል ነው የምትለው" አልኩ። ባሕሩ ጎድሎ ቁም ሣጥኗ ውስጥ አንድ ጎድጓዳ ሳህን የሚሞላ ውሃ ብቻ ሲቀር፣ "ካሁን ወዲያ ባሕርም አያስፈልገኝ፤ ልጄ ያለበት አገሬ ነው አለች" ብዬ ተረጎምኩ። አሥራ ሁለት ዓመት የሆናት ልጄ ከጎናችን ቁጭ ብላ ጽሑፉን እንደ ውሃ ታነበዋለች። በእንግሊዝኛ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ማም፣ እንደሱ አላለችም" አለችኝ።

"ዝም በይ፤ ትርጉም ነው።"

"ይሄ ትርጉም አይደለም። ውሸት ነው።"

"ምን አለች ልጅቷ?" አለች እናቴ።

"ራበኝ ነው የምትለው።"

"ታዲያ አብያት እንጂ!"

ልጄ ሳትፈልግ ሁለተኛ ቁርስ በላች። እንዲህ እንዲህ እያልን መጋቢት ደረሰ።

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ቤቱ ጠቦ ጠቦ የአንድ ሰው መቀመጫ ብቻ ቀረ። አሮጊቷ ካፖርቷን ለበሰች። የተረፈውን ባሕር ከቁም ሣጥኑ በማንቆርቆሪያ ወደ ፔርሙዝ ገለበጠችና ክዳኑን አጠበቀች። ዝዩ በሩን ያዘላት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ክራባቱን ፈትቷል። የማንኪያ ያህል ያነሰው ልጇ ሻንጣዋ ላይ ቆሞ ቀና ብሎ ያያታል። አሮጊቷ ረጅም ነገር ተናገረች።

"ምን አለች?" አለችኝ እናቴ።

"ገበያ ልትሄድ ነው። ለእራት ዓሣ ገዝታ ትመለሳለች።"

እናቴ ወደኔ ዞረች። "በሻንጣ?"

"ብዙ ዓሣ ነው።"

ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ እጄን ያዘችና እንዲህ አለችኝ፦

"አባትሽ የሞተ ዓመት እንዲሁ አደረግሽን። ፊልሙ ላይ የህንዱን ልጅ አባት እንጨት ላይ አጋድመው እሳት ለኩሰውበት፣ ሴቱ ሁሉ ደረቱን እየደቃ፣ አንቺ 'ለንግድ ጅዳ ሄደ፤ ለኢድ ይመጣል' አልሽን። ከእሳት ላይ አንስተሽ ጅዳ ሰደድሽው! ሴቶቹ ወደኔ ሲያዩ ዝም በሉ ብዬ በዓይኔ ጠቀስኳቸው።"

"ታውቂ ነበር?"

"ዓይን አለኝ እኮ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"ዘጠኝ ዓመትሽ ነበራ። አሁን ስንትሽ ነው?"

ቧንቧው ከወዲያ ይንጠባጠባል። ልጄ ሪሞቱን አነሳችና ሳትጠየቅ ወደ ኋላ መለሰችው፤ አሮጊቷ መናገር ስትጀምር አቆመችው። ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ቀስ እያለች አነበበችልኝ፣ እኔ ደግሞ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ቃል ሳልጨምር ወደ አማርኛ መለስኩት።

"ልጄ፣ የምሄደው ቤትህ ጠቦኝ አይደለም። ባሕሩ እየደረቀ ነው፤ ሳያልቅ ቦታው ላድርሰው ብዬ ነው። አንተም ሰው ፊት ብዙ አታጎንብስ፤ ዳግመኛ ሳላገኝህ ትጠፋብኛለህ።"

መጨረሻውን ልጄ በተሰባበረ አማርኛዋ ጨረሰችልኝ። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። "ጎበዝ ሴት ናት" አለች። ተነስታ ፎርሙን ከፍሪጁ ላይ አነሳችው። አልቀደደችውም። በአራት አጥፋ መዳፌ ውስጥ አስቀመጠችልኝና ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘጋቻቸው።

ሚያዝያ ላይ ሸኘናት። ከኤርፖርት ስመለስ በሩ ፊት ቆሜ ቁልፌን ስፈልግ ቦርሳዬን ሙሉ ኮሪደሩ ላይ ደፋሁት። የት እንዳኖርኩት ረስቼዋለሁ።

አሁንም ከመጋዘን ስመለስ ከሊፍቱ እስከ በራችን ድረስ ቀስ ብዬ ነው የምራመደው። ጊዜ ልስጣት ብዬ ይመስለኛል።

ድራማው ቀጥሏል። አሮጊቷ ከሄደች ወዲህ ቤቱ መጥበቡን አቁሟል፤ እንዲያውም በየሳምንቱ ይሰፋል፤ ወንበሮቹ ተራርቀው ጨው አቀብሉኝ ለመባባል ይጯጯኻሉ። ቅዳሜ አራት ሰዓት ሲሆን፣ ደሴ ቀኑ ሊመሽ ሲል፣ እናቴ ትደውላለች።

"ዝዩ እንዴት ነው?"

"ክራባቱን መልሶ አሰረ።"

"አላልኩሽም! አባትየውስ?"

"ዛሬ ትንሽ ነው ያጠረው።"

"አልሐምዱሊላህ። አሮጊቷስ?"

ቴሌቪዥኑን አየሁት። አሮጊቷ ከዚያን ቀን ወዲህ ብቅ ብላ አታውቅም። ልጄ ምን እንደምል ትጠብቃለች።

"የለችም፣ እማዬ። አልታየችም።"

ስልኩ ውስጥ ከኋላዋ የሰፈሩ ልጆች ኳስ ሲያንከባልሉ ይሰማኛል። "አንቺ ካላመጣሻት ማን ያመጣታል?" አለችኝ። "በይ እንጂ፣ ምን አለች?"

ልጄ ሪሞቱን አንስታ የጃፓኖቹን ድምፅ ዝቅ አደረገችው።

"በሯን ስትከፍት" አልኩ፣ "ጉሙ እደጃፏ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር..."