የሣህሉ ምላስና የአብዲቃድር አፍንጫ

የከዚራ ቢራ ጠጪ ሁሉ ይስማ፤ ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ የተገዛነው በሞተ ምላስ ነው።

ሣህሉ የሚባል ሰው አለ። አባቱ በባቡሩ ወርክሾፕ በያጅ ነበሩ፤ እሱ ሃያ ስምንት ዓመት የመጋዘን ጸሐፊ ሆኖ ሠርቶ በጡረታ ወጣ። ቀጭን ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቁልፍ ድረስ የሚቆልፍ ብቸኛ ፍጡርም ነው። ማንም አልመረጠውም፣ ማንም ድምፅ አልሰጠውም፤ ግን ናሁሰናይ ግሮሰሪ በር አጠገብ ያለችው ቀይ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰፈሩን ያስተዳድር ነበር። ሥልጣኑ አንዲት ናት። አዲስ የድራፍት በርሜል ሲከፈት የመጀመሪያዋ ብርጭቆ የሱ ናት። ወደ ብርሃን ያነሣታል፣ አንዴ ይጎነጫል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ራሱን ወደ ታች ከነቀነቀ ሰፊው ሕዝብ ይጠጣል። ወደ ጎን ካወዛወዘ በርሜሉ ወደ መጣበት ይጫናል። ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም። እኛ ግን፣ የተማርነውም ያልተማርነውም፣ ላባችንን በመሐረብ እየጠረግን የአንድ ጡረተኛ አንገት እስኪንቀሳቀስ እንጠብቅ ነበር። ነፃ ሕዝብ ማለት ይኼው ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው ዓምና ኃይለኛ ጉንፋን ያዘው። ስድስት ቀን ተኛ። በሰባተኛው ተነሥቶ ሚስቱ በለጠች የሠራችለትን ሽሮ ቀመሰና ጨው ረሳሽ አላት። ጨመረችለት። አሁንም ረሳሽ አላት። በሦስተኛው ራሷ ቀመሰችውና እየሮጠች ወጥታ ተፋችው፤ ያ ሁሉ ጨው ለጀልዴሳ ግመሎች ይበቃ ነበር። ሣህሉ ያኔ ገባው። ሎሚ አመጣችለት፤ ውሃ ነው። ቡና ያለ ስኳር ጠጣ፤ ሙቅ ውሃ ነው። ቢራ ከፈተ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ሐኪሙ ሲፈልግ ይመለሳል፣ ታገሥ አለው።

አንድ ባለ ሥልጣን ሥራውን መሥራት ሲያቅተው ምን ያደርጋል? ወንበሩ ላይ ጠበቅ ብሎ ይቀመጣል። ሣህሉም ተቀመጠ። አረፋውን በዓይኑ፣ ቅዝቃዜውን በጣቱ እየለካ መነቅነቁን ቀጠለ። አሥራ አንድ ወር ያህል የነቃበት የለም። ከዚያ አንድ ቀን መንገድ ላይ ፀሐይ የመታው በርሜል መጣ። ሣህሉ ጎንጨት አለ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ወደ ታች ነቀነቀ። ጠጣን። ኮምጣጤ ነው። ሁላችንም ኮምጣጤ መሆኑን አውቀናል፤ ግን ምላሱ ፈቅዷል፣ እኛ ማን ነን? እንዲያውም አንድ መምህር ዛሬስ ለየት ያለ ነው ብሎ አስደገመ። ባለ ግሮሰሪው ናሁሰናይ ብቻ ብርጭቆውን አሸተተና ሣህሉን ቆየት ብሎ አየው።

የከርከዴው ቢራ ወሬ የመጣው በዚህ መሐል ነው።

ሃኒ የሟቹ የፍቅረ ማርያም ልጅ ናት። ምግብ ሳይንስ ተምራ፣ ቢራ ፋብሪካ ሠርታ፣ አለቆቿ ከሌላ ሰው ጥንስስ ውጪ እንዳታስቢ ቢሏት ጥላቸው መጣች። በአባቷ ግቢ ሁለት የብረት ጋን አቁማ የራሷን ቢራ ጠመቀች፤ ከገብስ ሌላ የበሰለ ዘይቱንና ደረቅ የከርከዴ አበባ የገባበት። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ አበባ ለሻይ እንጂ ለቢራ ምን ያደርጋል አለ። ግማሹም እንደዚያው አለ፤ ግን በነፃ ከሆነ እንቀምሳለን አለ። እሑድ ዐሥር ሰዓት ላይ ግቢዋ ያለው ኒም ዛፍ ሥር እንድንሰበሰብ ተጠራን። የመጀመሪያዋ ብርጭቆ የማን እንደሆነች ማንም አልጠየቀም።

ናሁሰናይ ግን ጊዜው ደረሰ ብሎ ቅስቀሳውን ጀመረ። የፋብሪካ ቢራ ሁሌ አንድ ዓይነት ስለሆነ በዓይንም ይታለፋል፣ ይኼንን ግን ያለ ምላስ ማንም አይነግረንም፣ ሣህሉ እሑድ ምን ምን እንዳለበት ዘርዝሮ ካልተናገረ ቀይዋን ወንበር ከማክሰኞ ጀምሮ ለሚገባው ሰው እሰጣለሁ ብሎ በየጠረጴዛው ዞረ። የሚገባው ሰው ማን እንደሆነ አልተናገረም። አላስፈለገውም።

ሣህሉ ቅዳሜ ታይዋን ገበያ ወረደ። አብዲቃድር እዚያ ሽቶ ይሸጣል። ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛው ነው፤ ከበለጠች ሌላ ምስጢሩን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። አብዲቃድር በዕድሜው ቢራ በከንፈሩ አልነካም፣ ሶላቱንም አያጓድልም። አፍንጫው ግን የተለየ ነው። ደንበኛ ሱቁ ሲገባ ምሳ ምን እንደበላና ከማን ጋር እንደበላ ይነግረዋል፤ በዚህ ምክንያት ሁለት ትዳር ሊፈርስ ነበር።

«አፍንጫህን አውሰኝ» አለው ሣህሉ።

«ለምኑ?»

«ለሃኒ ቢራ።»

«አቦ ሣህሌ! የማልነካውን ነገር?»

«አትንካው። አሽትተህ ንገረኝ፣ እኔ እናገራለሁ።»

አብዲቃድር የጠርሙስ ክዳን እያሽከረከረ አሰበ። «እንግዲህ እኔ ከቆምኩበት ከሸተተኝ ምን አጠፋሁ? ወላሂ አየሩ የአላህ ነው» አለ።

ቀጥሎ በምን ቋንቋ እንደሚያንሾካሹክ ምክክር ያዙ። አማርኛው ሁሉም ይሰማዋል። ኦሮምኛውም ሁሉም ይሰማዋል። ሶማልኛ እንዳይሉ ከርከዴውን የሸጠችው ሃሊሞ ትኖራለች፤ እሷ የሰማችውን ደግሞ የቀፊራ ገበያ ሁሉ ከመግሪብ ሶላት በፊት ይሰማዋል። ሐረሪ የናሁሰናይ አማት ቋንቋ ነው። የባቡሩን ፈረንሳይኛ ደግሞ ሣህሉ ራሱ ከቁጥር በላይ አያውቀውም። በዚህ ከተማ ምስጢር የሚያዝበት ቋንቋ አንድም የለም። በመጨረሻ በአማርኛ ሆኖ በጣም ቀስ ተብሎ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ወሰኑ።

እሑድ ግቢው ሞላ። ሣህሉ ለክብሩ ተብሎ ከግሮሰሪው የመጣችው ቀይ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ቁልፉ እስከ አንገቱ። አብዲቃድር ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከኋላው ቆመ። ቀኑ የክብር ቀን ስለሆነ ካለው የዑድ ሽቶ ምርጡን በሁለቱም የእጅ አንጓዎቹ ላይ ሦስት ሦስት ጠብታ አድርጎ ነበር። አንድ ሽቶ ነጋዴ ሰው ፊት ሲወጣ ሌላ ምን ያድርግ?

ሃኒ ቀዳች። ቀለሙ የሕፃናት የሳል ሽሮፕ ይመስላል፤ አረፋው ጽጌረዳማ። ሣህሉ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አደረገና፣ እንደ ልማዱ ሳይሆን፣ በትከሻው በኩል ወደ ኋላ አሳለፈው። አብዲቃድር ብርጭቆው እንዳይወድቅ ደገፍ አድርጎ ይዞ፣ አጎንብሶ አሸተተ። የሣህሉ ጆሮ ላይ ሹክ አለ። ሣህሉ ጎንጨት አለ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«አናቱ ላይ አበባ አለ» አለ። «ወዲያው ግን ይሸሻል።»

ግቢው ውስጥ ኡኡታ የሚመስል አድናቆት ተሰማ። ብርጭቆው እንደገና ወደ ኋላ ሄዶ ተመለሰ።

«ልቡ ዘይቱን ነው። የበሰለ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ ፀሐይ ያገኘው።»

ናሁሰናይ ፊቱ ጠቆረ። ሣህሉ ግን አሁን ሰክሯል፤ የሰከረው በቢራው እንዳይመስላችሁ፣ በንግግሩ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ አሸተተለት፤ አብዲቃድርም ከራሱ አንጓ በአንድ ጣት ርቀት ላይ አፍንጫውን ተክሎ ያገኘውን በእውነት ነገረው።

«ሥሩ ዑድ ነው» አለ ሣህሉ። «ጥልቅ ዑድ። ሱፍ ኮት ላይ ቢፈስ ሦስት ቀን ይቆያል።»

አጨበጨብን። ብርጭቆ ታደለ፣ ጠጣን። እዚህ ላይ የሕዝቡ ባሕርይ ይጋለጥ፤ አርባ ሰው ያህል አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አገጩን ወደ ውስጥ ስቦ፣ ትከሻው ተንቀጥቅጦ፣ አርባውም «ዑዱ! ዑዱ!» አለ። መምህሩ ዑዱ መጀመሪያ አይታወቅም፣ ሲዋጥ ነው የሚመጣው ብሎ አብራራ። ዋይስ የሚባለው የባጃጅ ሹፌር ለስላሳ ይዞ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር፤ እሱም ለስላሳው ውስጥ ዑድ አገኘሁ አለ። ሁለተኛ ዙር ተቀዳ። ሳቅ በሳቅ ሆንን፤ ማንም ለምን እንደሚስቅ አያውቅም፣ የማያውቀውም እየበዛ ሲሄድ ሳቁ ጨመረ።

ሃኒ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማ ነበር። «ጋሽ ሣህሉ» አለች በትሕትና፣ «እኔኮ ዑድ አልጨመርኩም።»

ያ ሁሉ ብርጭቆ ከከንፈር ወረደ።

ናሁሰናይ ተነሣ። እንደ መርማሪ ቀስ ብሎ ተራመደና የአብዲቃድርን እጅ ይዞ አሸተተ። «ዑዱ ይኸውላችሁ። ቢራው ውስጥ ሳይሆን ነጋዴው አንጓ ላይ» አለ። ከዚያ ትእዛዝ ሰጠ፤ ነጋዴው ወደ በር ይሂድ፣ ሣህሉ ብቻውን ይጠጣ፣ አንድ ጉንጭ ሳይሆን ሙሉ ብርጭቆ፤ ከዚያ አንዲት እውነተኛ ቃል ይናገር፤ አለዚያ ወንበሯን አሁኑኑ ይልቀቅ።

አብዲቃድር እየዞረ እያየ ወደ በሩ ሄደ። ከዚያ ሆኖ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ ሊረዳ ሞከረ፤ ነፋሱ ግን ወደ ግቢው እንጂ ወደ በሩ አይነፍስም ነበር። በለጠች ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ሣህሉ ብርጭቆውን አነሣ። ከሥልጣን የሚወርድ ሰው እንደሚያደርገው ጊዜ ለመግዛት ቀስ እያለ ጠጣ። ሩብ ደረሰ፤ ቀዝቃዛ ውሃ። ግማሽ ደረሰ፤ ቀዝቃዛ ውሃ። ሊያልቅ ሲል ግን ቆመ። እጁን አነሣና ከጆሮው ሥር፣ መንጋጋው የሚታጠፍበትን ቦታ ያዘ። ጥርሱን አሞት ይሆን ብለን አየነው። የቀረውን በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ ባዶውን ብርጭቆ ለሃኒ ዘረጋላት፤ ሞላችለት፣ እሱንም ጨለጠው።

«እህ?» አለ ናሁሰናይ። «ምን ይላል?»

«ይኮመጥጣል» አለ ሣህሉ።

ናሁሰናይ ሳቀ። ይኼ ነው ትንተናው፣ ይኼንንማ የጡት ልጅም ይለዋል አለ።

ሣህሉ አልሰማውም። «ሃኒ ልጄ፣ እስከ ጆሮዬ ይኮመጥጣል! በለጡ፣ ኮመጠጠኝ!» የአንገቱን ቁልፍ ፈታ። ይህ በከዚራ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። «ዓመት ከሁለት ወር ምንም ቀምሼ አላውቅም። ያን የተበላሸ በርሜል አልቀመስኩትም። አንዱንም አልቀመስኩም። ይኼን ግን ቀመስኩት።»

«ሰማችሁ?» አለ ናሁሰናይ። «በገዛ አፉ!»

ወደ እኛ ዞሮ ቁጣችንን ጠበቀ። መቆጣት ይገባን ነበር፤ ተታለናል፣ ተነድተናል፣ ኮምጣጤ አስደግመናል። ግን ሃኒ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ መሳቅ ጀመረች። ከርከዴውን ሁለት ጊዜ ነክራዋለች። ማታ ነክራ፣ ረስታ፣ ጠዋት ደግማ። ጠዋት ስትቀምሰው ጥርሷ ደነዘዘ፤ ሰው ሁሉ ተጠርቷል፣ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ደፍሮ ይኮመጥጣል እስኪላት ቆማ ጠበቀች። «እናንተ ግን» አለች እንባዋን እየጠረገች፣ «ዑድ ዑድ ትሉኛላችሁ።»

ሃሊሞ ከቦታዋ ሆና፣ ከርከዴዬ ገና ሲሸጥ ይኮመጥጥ የለ፣ ለምን እኔን አልጠየቃችሁም አለች። በለጠች ወደ ባሏ ሄዳ ሸሚዙን ጨምድዳ ያዘችና፣ ነገ ሽሮዬን ጨው የለውም ካልከኝ ከቤት እንደምትወጣ እወቀው አለችው። እሱ ግን አምልጧት በሩ ጋ ደርሶ አብዲቃድርን አቅፎት ነበር። ሁለት የስድሳ ዓመት ሰዎች፣ አንዱ ቢራ አንዱ ዑድ እየሸተቱ፣ ግቢው መሐል ገብተው እየዞሩ መጨፈር ጀመሩ። ዘፈን የለም። እኛው አጨበጨብንላቸው። ዋይስ ለስላሳውን ይዞ ገባ። መምህሩ ገባ። ያ ጎምዛዛ ቢራ ፊታችንን እያጨማደደው ስንዞር ለሚያይ የምናለቅስ እንመስል ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሣህሉ ቀፊራ ታየ። አብዲቃድር ሱቁን ዘግቶ ተከትሎታል። ሎሚ ነከሰ፣ ሳቀ። ጎምዛዛ የሁመር ፍሬ መጠጠ፣ ሳቀ። ሃሊሞ ዘንድ ደርሶ የደረቀ ከርከዴ እፍኝ ሙሉ አፉ ውስጥ ሲከት፣ ወርያ፣ አንተ ሰውዬ፣ ምላስህ ከተመለሰ ሰውነትህ የት ሄደ ብላ አባረረችው።

ማክሰኞ ግሮሰሪው አዲስ በርሜል ከፈተ። ቀይዋ ወንበር ላይ ናሁሰናይ ራሱ ተቀምጧል። ሣህሉ ግድግዳው ጋ የቢራ ሳጥን ገልብጦ፣ አንገቱን ከፍቶ፣ ግማሽ ሎሚ በእጁ ይዞ እንደ ማናችንም ተቀምጧል። ናሁሰናይ የመጀመሪያዋን ብርጭቆ ወደ ብርሃን አነሣ፣ ተጎነጨ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ በግርማ ወደ ታች ነቀነቀ።

ማንም አልጠጣም። አረፋው እየከሰመ ሁላችንም አንገታችንን ወደ ግድግዳው አዞርን።

ሣህሉ ሎሚውን ከአፉ አወጣ። «እኔን ምን ታዩኛላችሁ?» አለ። «ጎምዛዛው እንጂ የመራራው ጣዕም ገና አልመጣልኝም። ጠጡ እንጂ፣ አፍ አላችሁ።»

እሱ ጠጡ ስላለን ጠጣን።