የወይንሐረግና ሰባተኛው አጀንዳ

የቀበሌያችንን ቃለ ጉባኤ ዘጠኝ ዓመት የጻፈችው የወይንሐረግ ናት። አባቷ ከሰሜን መጥተው ተፍኪ ላይ እህል ይነግዱ ነበር፤ እሷ ግን እዚሁ በበቾ ጭቃ ላይ ተወልዳ ስላደገች ኦሮምኛዋ ከባላገሩ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። በትምህርት ቤታችን ቁቤ፣ የኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ በተጀመረ ዓመት አንደኛ ክፍል ከገቡት ልጆች አንዷ ነበረች። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በድሮው መጽሐፍ፣ በአማርኛ ተምሬ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ አዲሱን ፊደል ከተማሪዎቼ አንድ ሳምንት እየቀደምኩ እያጠናሁ ነበር የማስተምረው። አንድ ቀን አንዱን ፊደል ስስት እጇን አውጥታ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ትናንት እንዲህ አልነበረም» አለችኝ። ጸሐፊ እንደምትሆን ያን ጊዜ ማወቅ ነበረብኝ።

አድጋ የቀበሌ ጸሐፊ ስትሆን አንድ ሕግ ብቻ ነበራት፤ የተባለውን እንጂ የታሰበውን አልጽፍም ትል ነበር። ሰው በስብሰባ መሐል ተናዶ የተናገረውን «እሱን እንኳ ተይው» ሲላት፣ «ብለኸዋል እኮ» ብላ ትጽፈዋለች። እንዲህም ሆና የሚጠላት አልነበረም።

የቀበሌው ምክር ቤት ኮሚቴ አሥራ ሦስት ሰው ነው። እኔ በትምህርት ቤቱ በኩል ገብቼበት ነበር። ከአሥራ ሦስቱ በዕድሜ ትልቁ ኦቦ ገርባ ናቸው። በሦስት መንግሥት ጉባኤ የተቀመጡ ገበሬ ነበሩ። ሰው ፊት ሰውን አይቃወሙም። ያልተስማሙበት ነገር ሲመጣ ጫፉ ብረት የሆነውን ዱላቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው ወለሉ ላይ ያስቀምጡታል፤ ቀስ ብለው አይደለም፣ ብረቱ ቋ ብሎ እንዲሰማ አድርገው ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ በዚያ ቀን አይነሳም። እሳቸውም አንድ ቃል አይጨምሩበትም። ወደሚቀጥለው ይታለፍና በሌላ ቀን ሽማግሎች ለብቻቸው ይነጋገሩበታል። ይህ በየትኛውም ደንብ አልተጻፈም፤ የማያውቀው ግን አልነበረም። በየወይንሐረግ መዝገብ ውስጥ «ለሌላ ጊዜ ተላልፏል» የሚል የተገኘ እንደሆነ፣ ያ የኦቦ ገርባ ዱላ ነው።

ከምንጩ በታች የወል ጨፌ አለን። አለን ማለት ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ ነበረን። ክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ በበጋ ሌላው ሜዳ ተሰነጣጥቆ አፈር ሲሆን እሱ ብቻ ለምልሞ ይቆያል። መቶ አርባ አባወራ ከብቱን ከየካቲት እስከ ሰኔ የሚያቆየው በዚያ ሣር ነው። ከብት የሚገባው በተራ ነበር፤ ተራውን የሚጠብቁትም ኦቦ ገርባ። የሳቸውን ላም ከተራዋ ቀድማ ገብታ ያየ ሰው የለም።

በሁለት ሺህ ስምንት ኅዳር ላይ የማስተር ፕላኑ ነገር ፈነዳ። አዲስ አበባ ተዘርግታ እኛ ድረስ ትመጣለች ተባለ። ከቡራዩና ከሱሉልታ ወሬ ይመጣል፤ ቆይቶ ደግሞ ወሬ ሳይሆን ሰው እየሸሸ ይመጣል። የጅማ መንገድ አንድ ቀን በድንጋይ፣ አንድ ቀን በወታደር ይዘጋል። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት መስኮት በሙሉ ተሰበረ። ሊቀመንበራችን ጂሬኛ «ቤቴን ሊያነዱት ነው» ብሎ ሰበታ እህቱ ዘንድ ገባ፤ ከዚያ ሆኖ ቀበሌውን በስልክ ያስተዳድር ጀመር።

«ሥራ አይቆምም» አላት የወይንሐረግን። «አጀንዳውን እኔ እነግርሻለሁ። አንቺ ለያንዳንዳቸው ደውለሽ አንብቢላቸው፣ ያሉትን ጻፊና መልሰሽ ለኔ አንብቢልኝ። ማኅተሙ እኔ ጋ ነው።»

«ፊርማውስ?»

«ሰላም ሲሆን ይፈርማሉ።»

ኔትወርክ እንደ ልብ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ነው። መዝገቧን ጉልበቷ ላይ፣ ጥላዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ እዚያ ትቀመጣለች። የምንጭ ጠረጋ፣ የከብት ክትባት ቀን፣ የማዳበሪያ ጠያቂዎች ስም፣ ባለቤቱ ያልታወቀ የባዘነ ወይፈን፤ የሚወሰነው ይህን የመሰለ ነበር። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። አገር ሲናወጥ የኛ ምንጭ በሰዓቱ ተጠረገ።

ወፍጮ ቤት ያለው ቦጂያ ሁልጊዜ ያስቃታል።

«ወፍጮው እየጮኸ ነው፣ አልሰማሽም። ተስማምቷል ብለሽ ጻፊኝ» ይላታል።

«ሳትሰማ አልጽፍህም።»

«እንግዲያው ላጥፋው። አሥር ሴት ቆማ ትረግመኛለች፤ እርግማኑንም ጻፊው።»

የመጀመሪያው ጥሪ እንደ ወጉ ለታላቁ ነው። ኦቦ ገርባ የራሳቸው ስልክ ስላልነበራቸው የምትደውለው ለልጃቸው ሚስት ለድንቅቱ ነበር። ድንቅቱ ስልኩን ኔትወርክ ከሚይዝበት ከደጃፉ ድንጋይ ላይ አድርጋ፣ ድምፁን ከፍታ ትሰጣቸዋለች። በመጀመሪያው ቀን ሽማግሌው ሰላምታቸውን ሲጨርሱ ጠየቁ፤

«ሁሉም ተቀምጠዋል?»

የወይንሐረግ ጉብታው ላይ ብቻዋን ነበረች። እያንዳንዱ በየቤቱ እንዳለ፣ ተራ በተራ እንደምትደውል ማስረዳት ረጅም መሰላት፤ ባትሪዋም እያለቀ ነበር።

«አዎ፣ ተቀምጠዋል» አለቻቸው።

«በሉ እንግዲህ አንብቢ።»

እስከዚያ ድረስ በመዝገቧ ያልተባለ ነገር ጽፋ አታውቅም። በአፏም ያልሆነ ነገር ያለችው ይህን አንድ ብቻ ነው።

በታኅሣሥ አጋማሽ ጂሬኛ ሰባት አጀንዳ አስጻፋት። ስድስቱ የተለመዱት ናቸው። ሰባተኛው፣ «ከምንጩ በታች ያለው የወል ጨፌ ለልማት ተለይቶ እንዲያዝ» የሚል ነበር።

«ይሄ ከየት መጣ?» አለችው።

«ከላይ ነው። ለይቶ መያዝ ማለት መስጠት አይደለም። አንብቢላቸው ብቻ፤ ካልፈለጉ አልፈልግም ይላሉ።»

ልቧ አልተረበሸም። ምክንያቱም ኦቦ ገርባ አሉ፤ እሳቸው እያሉ ጨፌውን ማን ይነካል። እኛም ሁላችን ያሰብነው እንደዚያው ነው።

ደወለችላቸው። ስድስቱን «ተስማምቻለሁ» አሉ። ሰባተኛውን ስታነብ ዝም አሉ። ቀጥሎ በስልኩ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ። በዚያ ስልክ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይንኳኳል፤ በር ነው፣ ሙቀጫ ነው፣ ጣሳ ነው።

«ኦቦ ገርባ፣ ይሰሙኛል?»

«እሰማሻለሁ።»

«ሌላ የሚሉት አለ?»

«የለም። ጤፉ ተወቅቷል፣ ስብሰባው ሲያልቅ ነይና ቅመሺ።»

ድምፃቸው ደስ ያለው ነበር። «ተስማምተዋል» ብላ ጻፈች።

ከዚያ ለእኔ ደወለች። ሰባተኛውን ስሰማ፣ «ኦቦ ገርባ ምን አሉ?» አልኳት። «አልተቃወሙም» አለችኝ። እንግዲያው እኔ ማን ነኝ አልኩና ተስማማሁ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ይህንኑ ጠይቀው ይህንኑ መለሱ። ቦጂያ አልጠየቀም። ያን ቀን የደከማት መሆን አለበት፣ ወፍጮውን አጥፋ ሳትለው ጻፈችው። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። ያን ጊዜ ያልጨፈረ የለም፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ጨፍሬያለሁ። መጋቢት ላይ ግን ሦስት ቀያሾች መጥተው ጨፌው ላይ ቀይ የተቀባ ችካል መትከል ጀመሩ። ሰው ዱላ ይዞ ወጣ። አንዱ ቀያሽ ሳይቆጣ ከቦርሳው ወረቀት አውጥቶ ሰጠን። የኛው ቃለ ጉባኤ ቅጂ ነው፤ አሥራ ሦስት ስም፣ ከታች ማኅተም። ከሁሉ በላይ የተጻፈው ስም የኦቦ ገርባ ነበር። ትልቁ ማስተር ፕላን ቀርቶ የኛ አንድ ገጽ አልቀረችም።

ቦጂያ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ኦቦ፣ ዱላዎ ታሞ ነበር እንዴ?»

«አስቀምጬዋለሁ» አሉ።

«ማን ሰማ?»

ሁላችንንም በዓይናቸው ዞሩን። እኔ ጫማዬን አየሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ድንቅቱን አስከትለው የወይንሐረግ ቤት መጡ።

«አከም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ» አሏት፤ እንዴት ነሽ ልጄ ሲሏት ሁልጊዜ እንዲያ ነው። ተቀመጡና፣ «ሰባተኛውን ስታነቢ ምን ሰማሽ?»

«ምንም አላሉኝም፣ ኦቦ።»

«ምን አልኩ አላልኩሽም። ምን ሰማሽ?»

አሰበች። «የሆነ ነገር የወደቀ መስሎኝ ነበር።»

«አልወደቀም» አለች ድንቅቱ። «እኔ ነኝ ስልኩን ያስጠጋሁት። ሁሉም እንዲሰሙት አቅርቢው አሉኝ። አንቺ በደወልሽ ቁጥር ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው ነው የሚቀመጡት። ሁሉም ተቀምጠዋል ብለሻቸው የለ?»

የወይንሐረግ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ያን ዕለት በእግርም በጋሪም ብላ ሰበታ ገባች፤ ጂሬኛን እህቱ ቤት በረንዳ ላይ አገኘችው።

«ቃለ ጉባኤው ስህተት አለበት። ኦቦ ገርባ አልተስማሙም።»

«ተናገሩ?»

«ዱላቸውን አስቀምጠዋል።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ? ዱላ አልተሰማም ብዬ? ማኅተም አርፎበታል፣ ሄዷል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔስ እዚህ በረንዳ ላይ የተቀመጥኩ ወድጄ ይመስልሻል?» አላት።

ተመልሳ ኦቦ ገርባን፣ «እሑድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ቆሜ እናገራለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ» አለቻቸው።

«አትናገሪም።»

«ስምዎ ጠፋ እኮ፣ ኦቦ።»

«አሁን የሚጠየቀው ምን አጠፋሽ አይደለም፣ የማን ልጅ ነሽ ነው። እኔን ይሰድቡኛል። አንቺን ግን ተሳድበው አይተዉሽም።»

ዝም አለች። በዚያው ሳምንት ለእኔ ነግራኛለች፤ እኔም ዝም አልኩ። እሳቸው ከከለከሉ ምን አገባኝ አልኩ። እኔን ግን የከለከለኝ ሰው አልነበረም።

መንደሩ ኦቦ ገርባን ሰላምታ አልነፈጋቸውም፤ አሳጠረባቸው እንጂ። ድሮ እሳቸውን መንገድ ላይ ያገኘ ቆሞ፣ ነጋዳ፣ ፈያዳ ብሎ ሰላምና ጤናውን፣ ከብቱን፣ ልጆቹን፣ ዝናቡን ሳይጠይቅ አያልፍም ነበር። አሁን «ነጋዳ» ይላል፤ መልሱ ሳይደርሰው ያልፋል። ጨፌው ተከልክሎ ሣር ያጣው ሰው ከብቱን በርካሽ እየሸጠ ሲመለስ በደጃፋቸው ነው የሚያልፈው። በዚያ በጋ የሳቸውም ሁለት ላሞች ሞቱ። ይህን አይቶ እንኳ፣ ጨፌውን ሸጠውት ቢሆን ኖሮ ላሞቻቸው አይሞቱም ነበር ያለ ሰው አልሰማሁም።

በሚቀጥለው ዓመት ጽሕፈት ቤቱ መስኮት ተገጠመለት፤ ጂሬኛም ተመለሰ። በመጀመሪያው ስብሰባ ኦቦ ገርባ ባዶ እጃቸውን መጡ።

«ኦቦ፣ ዱላዎስ?» አላቸው ጂሬኛ።

«መንገዱ ቅርብ ነው፤ አያስፈልገኝም።»

በዚያ ቀን ስለቀረበው ሁሉ «ተስማምቻለሁ» አሉ። የወይንሐረግ ስትጽፍ እጇን አየሁት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ መስመር የማይስተው ጽሕፈቷ ወርዶ ነበር።

ሰኔ ላይ አረፉ። ለቀብር የመጣው ሰው ለሦስት መንግሥት ሽማግሌ የሚመጥን አልነበረም። አፈር ተመልሶ ሰው ሊበተን ሲል የወይንሐረግ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሐል ቆመችና ሁሉንም ተናገረች፤ ቋ ያለውን፣ ሁሉም ተቀምጠዋል ያለችውን፣ ዝም በይ ያሏትን።

ቦጂያ ነው ቀድሞ የተናገረው። «ያኔ የት ነበርሽ? የተባለውን ሁሉ ትጽፊ የለ? ይሄን ለምን አልጻፍሽውም?»

«አንተስ ቦጂያ» አለች ድንቅቱ ከመቃብሩ አጠገብ፣ «ያን ቀን ወፍጮውን አጥፍተህ ነበር?»

ቦጂያ ከሰው መሐል ወጣ። ሰው ወደየቤቱ ሄደ። የወይንሐረግን የነካት የለም፤ ያናገራትም የለም። ነሐሴ ላይ ዕቃዋን ጭና ዓለም ገና ገባች። አሁን መንገድ ዳር ባለች ሱቅ ማመልከቻ ትጽፋለች። ሰው በስልክ ነገሩን እየነገራት ዝም ያለ እንደሆነ፣ «በአፍህ ንገረኝ» ትለዋለች አሉ።

ጨፌው ታጥሯል። እስከ ዛሬ የተሠራበት ነገር የለም። ሣሩ ደረት ድረስ ያድግና ደርቆ ይወድቃል፤ ላሞች በሽቦው መሐል ምላሳቸውን ይዘረጋሉ።

መዝገቡን የተረከበው አዲሱ ጸሐፊ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ድረስ ይዞልኝ መጣ። የታኅሣሡን ገጽ ገልጦ ከሰባተኛው አጀንዳ በታች ጣቱን አሳረፈ። በማውቀው ቀጥ ያለ ጽሕፈት፣ ኦቦ ገርባ የተቀበሩበት ቀን ተጽፎበት፣ «ኦቦ ገርባ ዱላቸውን አስቀምጠዋል፤ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል» ይላል።

«ጋሼ፣ ይሄ ማኅተም የለውም» አለኝ። «ይቆጠራል?»

«አይቆጠርም» አልኩት።