በየማለዳው ያጠብኩት መንገድ

ሳውዲ፣ ሳምጣ በምትባል ከተማ፣ በከፊሌ፣ ማለትም በአሠሪዬ ግቢ ዘበኛም አትክልተኛም ሆኜ ከገባሁ ጀምሮ፣ ጠዋት ጠዋት የውሃ ጎማ ይዤ ከበሩ ፊት ያለውን አስፋልት አጥብ ነበር። ማንም አላዘዘኝም። ሥራዬ እንዲታይልኝ እወዳለሁ፤ ሲያመሰግኑኝ ደግሞ ይብስብኛል። ስለዚህ የእኛን በር ጨርሼ ቁልቁል እስከ ጎረቤታችን ደጅ እወርዳለሁ።

ጎረቤታችን አሮጊት ናቸው። ኩላሊታቸው ስለታመመ ልጃቸው በዊልቸር እየገፋ መኪናው ድረስ ያወጣቸዋል፤ ሐኪም ቤት ይመላለሳሉ። አቧራ ያፍናቸዋል። ደጃቸውን ሳጥብላቸው ከበሩ ውስጥ ሆነው «አላህ ይጠብቅህ፣ ልጄ» ይሉኛል። እናቴ በስልክ ከምትመርቀኝ ቀጥሎ የምናፍቀው ምርቃት የእሳቸው ነበር።

እያደር ደጃቸው ላይ አስፋልቱ ተሰነጣጠቀ፤ ቀጥሎም እንደ ደረቀ ዳቦ እየተፈረፈረ ጉድጓድ ሆነ። ዊልቸሩ እዚያ ሲደርስ ልጃቸው አዙሮ ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ወንበሩን ጭብጥ ያደርጋሉ። እኔም በለዲያውን፣ ማዘጋጃ ቤቱን ማለቴ ነው፣ ስረግም ከረምኩ።

አንድ ቀን ከበለዲያው መሐንዲስ መጣ። የከተማውን መንገድ ሁሉ እየዞረ አይቶ፣ የትኛው ዘንድሮ፣ የትኛው ከዓመታት በኋላ እንደሚጠገን ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ነው። ከፊሌና የአሮጊቷ ልጅ ወጡ፤ እኔ ሻይ አቀረብኩ። የባሰበት ቀድሞ ይታከማል ብዬ ደስ ብሎኛል።

መሐንዲሱ ነገሩን ገለበጠው። የዘንድሮው በጀት ገና ላልፈረሱት ነው አለ። ስንጥቃቸው በቀጭን ንጣፍ ከተሸፈነ ለዓመታት ይቆያሉ፤ በትንሽ ገንዘብ ብዙ መንገድ ይድናል። የፈረሰው ግን ከሥሩ ተቆፍሮ እንደ አዲስ ስለሚሠራ ትልቅ በጀት እስኪገኝ ወረፋ ይጠብቃል። ሳይቃጠል በቅጠል መሆኑ ነው። እውነት አለው፤ ያን ዕለት ግን ተረቱን ጠላሁት።

«መንገዱ አንድ፣ የተሠራውም በአንድ ጊዜ፤ የእኛ ደጅ ብቻ ለምን ፈረሰ?» አለ ልጁ።

መሐንዲሱ አጎንብሶ ጉድጓዱን ነካካ። «ውሃ ነው። በየቀኑ ከላይ እየወረደ እዚህ ይተኛል። በስንጥቁ ገብቶ ሥሩን በላው።»

ማንም ጣቱን አልቀሰረብኝም። ሁሉም ግን ግድግዳው ላይ የተጠቀለለውን ጎማ አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። ከፊሌ ሳቀ። «አንተ ሐበሺ፣ ንጽሕናህ ጎዳን። ኸላስ፣ በቃ፣ ከእንግዲህ አታጥብ» አለኝ። ልጁ አልሳቀም፤ ሻዩን ከእጄ ተቀብሎ «አላወቅህም» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም።

ብዙም ሳይቆይ የሰፈሩ መንገድ ከላይም ከታችም ጥቁር ንጣፍ ለበሰ። የአሮጊቷ ደጅ ቀረ። እኔም ጎማውን እርግፍ አድርጌ ተውኩት፤ ጠዋት ሲሆን ድምፃቸውን ላለመስማት ጓሮ ሥራ እፈልጋለሁ።

ልጁ ለእናቱ ምንም እንዳልነገራቸው ያወቅኩት፣ አንድ ጠዋት ሩዝና ዓሣ በትሪ ይዞ ሲመጣ ነው። ዓይኔን ማየት አልቻለም። «እናቴ ናት የላከችው» አለ። «ምን አስቀይሜው ነው ደጃችንን የተወው ብላ እንቅልፍ አጥታለች። ይቅር በለኝ ብላሃለች።»

ትሪውን ተቀብዬ አስቀመጥኩና እውነቱን ልነግራቸው ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ዊልቸራቸው ላይ ሆነው ከውስጥ እየጠበቁኝ ነበር። ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ፣ «ልጄ፣ ይቅር አልከኝ?» አሉ። ልነግራቸው የመጣሁትን እውነት ዋጥኩት።

«ይቅር ብያለሁ፣ እናቴ» አልኳቸው።