የጋሽ መኳንንት ኢንተርኔት

ልጅ እያለሁ፣ ደብረ ታቦር በእኛ ሰፈር ቤታቸው ድረስ ኢንተርኔት ያስገቡ ሰው አንድ ብቻ ነበሩ፤ ጋሽ መኳንንት። አፈሩን ያቅልልላቸውና፣ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ስለ ኢንተርኔት ምንም የማያውቁትም እሳቸው ነበሩ። ሥራቸው አንድ መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ማህተም መምታት ነው። ኮምፒውተሩን ሳሎን መሃል ጎልተው፣ ሚስታቸው የሠሩትን ዳንቴል አልብሰውታል። እንግዳ ሲመጣ ዳንቴሉን በሁለት ጣት ቀስ አድርገው ሲያነሱት የሙሽራ ዓይነ ርግብ የሚገልጡ ይመስል ነበር። ጫማ ሳያወልቁ እዚያ ሳሎን መግባት አይሞከርም።

የአሥረኛ ክፍል ውጤታችን የወጣው ቡሄ ሊገባ ሰሞን ነው። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል፣ ጋቢው ሁሉ እርጥበት እርጥበት ይሸታል፣ የሰፈሩ ልጆች ጅራፍ ያጮሃሉ። እኔ ግን እህል ውሃ አልወርድልኝ ብሏል። አባቴ አናጺ ነው፤ ቁርጡን ነግሮኛል። አሥራ አንደኛ ካላለፍኩ ሐሙሲት ወርጄ የአክስቴን ሻይ ቤት ላግዝ ነው። አክስቴም ለዚሁ መጥታ እኛ ቤት አድራለች፤ ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተመላሽ ናት፣ ወይ ብቻዋን ወይ እኔን ይዛ። አስፋልት ዳር ያሉት ኢንተርኔት ቤቶች ሰልፋቸው አይቀመስም። ስለዚህ አባቴ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ፣ ልክ ሲመሽ ጋሽ መኳንንት ዘንድ ወሰደኝ።

ማታ ደግሞ ኢንተርኔቱ ይሞታል። የከተማው ባለ ኢንተርኔት ሁሉ ከሥራ ገብቶ እኩል ሲከፍተው ይንፏቀቃል። ጋሽ መኳንንት የፈተና ቁጥሬን በአንድ ጣት እየለቀሙ ጻፉ። ነጭ ገጽ። ጠበቅን፤ ያው ነጭ። ደግመው ሞከሩ፤ ነጭ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ፍርድ ሰጡ፦ «ችግሩ ምድጃ ነው።»

በዚያ ዘመን የኖረ ያውቃል፤ ማታ ሁሉም የኤሌክትሪክ ምድጃውን ሲሰካ አምፖላችን ቀልቶ ፍም ይመስል ነበር። እሳቸው ታዲያ ምድጃው ኢንተርኔቱንም የሚስበው መሰላቸው። «መስመሩ አንድ ነው! ሰው ሽሮ እያንተከተከ ውጤት ይከፈታል እንዴ?» አሉ። እኔ ትምህርት ቤት ትንሽ ኮምፒውተር ተምሬያለሁ፣ ሁለቱ እንደማይገናኙ አውቃለሁ። ግን በሰው ቤት፣ በሰው ኢንተርኔት፣ ምን አፍ አለኝ?

ሚስታቸው ወጥተው ባጥር ተጣሩ። «የጌታሁን ልጅ ውጤት ሊታይ ነው፣ ምድጃ አጥፉ!» አይገርምም? አጠፉ። ከላይ እስከ ታች ያለው ቤት ሁሉ፣ ለምን ሳይል፣ ሽሮውን በጥሬው አወረደ። እትዬ የሺ የሚባሉ ጎረቤታችንማ ድስታቸውን እንደተሸከሙ «አለፈች ወይ?» እያሉ ከተፍ አሉ።

ገጹ እንደነጣ ቀረ። ጋሽ መኳንንት ግን መረታት የሚባል ነገር አያውቁም። ድምፃቸውን ለቅሶ ቤት የገቡ አስመስለው ወደ አባቴ ዞሩ። «ጌታሁን፣ ቁርጥህን ብታውቅ ይሻላል። ያለፈ ሰው ውጤት ቶሎ ነው የሚከፈት። እንዲህ ከዘገየ…» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይህ ነው። አባቴ ደግሞ አመናቸው! የማህተም ሰው የተናገረው ሁሉ ለእሱ እውነት ነው። «በይ ተነሽ፣ ልብስሽን ሸክፊ» አለኝ። ሐሙሲት፣ የሻይ ብርጭቆ ሳጥብ ታየኝና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ይኼኔ እትዬ የሺ ድስታቸውን ሊያስቀምጡ ወደ ጓዳ ገብተው ኖሯል፤ ከዚያው ተጣሩ። «ኧረ እናንተ ሰዎች! እዚህ ጎረምሳው ፈረንጅ ሲደባደብ ያያል። ይሄስ በምን መጣ? ኢንተርኔት አይደለም ወይ?»

ጉድ ፈላ! የጋሽ መኳንንት ልጅ ላፕቶፑን ታቅፎ፣ ከመሸ ጀምሮ ሬስሊንግ ያያል። አባቱ የሰፈሩን ራት ሲያስቀሩ መስመሩን የሚጠጣው የገዛ ልጃቸው ነው። ጋሽ መኳንንት «እሱ በሌላ መስመር ነው…» ብለው ሲጀምሩ እትዬ የሺ አላስጨረሷቸውም፤ ላፕቶፑን ከጎረምሳው ጭን አንስተው ጥርቅም አድርገው ዘጉት። ብዙም ሳይቆይ ነጩ ገጽ ላይ ስሜ መጣ፤ አልፌያለሁ። አባቴ ስሜን ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። አክስቴም በነጋታው ብቻዋን ሄደች። ጋሽ መኳንንት ግን እስኪሞቱ ድረስ «እኔ ነኝ ያሳለፍኳት» ሲሉ ኖሩ። አያፍሩም እኮ!

ዛሬ እኔም አስተማሪ ነኝ፣ ቤቴም ኢንተርኔት አለ። ማታ ማታ ያው መንፏቀቅ ነው። ባለፈው፣ የተማሪዎቼ ማርክ ማስገቢያ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ገጹ አልከፈት አለኝ። «ስልካችሁን አሥር ደቂቃ ብቻ አጥፉልኝ» ብዬ ባሌንና ሁለት ልጆቼን ለመንኩ። ባሌ ዓይኑን ሳያነሳ «እሺ» አለ፤ አላጠፋም። ልጄ «ሊያልቅ ነው፣ ቆይ» አለችኝ። ትንሹ ጭራሽ አልሰማኝም። ማስገቢያው ተዘጋ።

ያኔ ያ ሁሉ ሰው ያጠፋልኝ ምድጃ ለእኔ ቅንጣት አይፈይድም ነበር፤ ቢሆንም ራቱን ትቶ አጠፋልኝ። አሁን ቢያጠፏቸው በእርግጥ የሚጠቅሙኝን ሦስት ስልኮች፣ የወለድኳቸውና ያገባሁት አላጠፉልኝም።